ሽቦ ዘርጊው ቤታችን ሲገባ
(ለይፋት ቆላ አርሶ አደሮች የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምንነጋገረው ስለ መብራት ነው። መብራት መልካም ነገር መሆኑን ማንም አይክድም። ኩራዝ ዓይን ያጨሳል፤ ማገዶም እየራቀ ሄዷል። ነገር ግን መብራት ወደ ቤታችን የሚገባው በሰው እጅ ነው። ያ ሰው ግድግዳችንን ይበሳል፤ ሽቦ ይዘረጋል፤ ገንዘቡን ተቀብሎ ይሄዳል። ሥራው ደኅና ከሆነ እሰየው። ጉድለት ቢኖርበትስ? እሱ ማታ በገዛ ቤቱ ይተኛል። ከሽቦው ሥር የሚተኙት የቤቱ ባለቤቶችና ልጆቻቸው ናቸው።

ሽቦው የማን ነው?

እስከ ቆጣሪው ድረስ ያለው መስመር የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ነው። ይህ መሥሪያ ቤት በ2006 ዓ.ም. መብራት ኃይል ለሁለት ሲከፈል የተቋቋመ ነው። ከቆጣሪው ወዲህ፣ በቤት ውስጥ የተዘረጋው ሽቦ ግን የባለቤቱ ነው። ብዙ ሰው ይህን ሳያውቅ «መንግሥት ያስገባው መብራት ነው» ብሎ ይተኛል።

እንግዲህ ቤታችንን የሚሠራውን ሰው የምንመርጠው እኛው ነን። በ2006 ዓ.ም. በወጣው የኢነርጂ አዋጅ ቁጥር 810 መሠረት የኤሌክትሪክ ተከላ የሚሠራ ሰው የብቃት ማረጋገጫ ያስፈልገዋል። ይህን የሚቆጣጠረው መሥሪያ ቤት ዛሬ የነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን ይባላል። «ወረቀትህን አሳየኝ» ማለት ነውር አይደለም። በሬ ስንገዛ አፉን ከፍተን ጥርሱን እናይ የለም እንዴ? ሙያውን የተማረና ሥራውን የሚያከብር ወጣት ሞልቷል። እንዲህ ያለው ሰው ወረቀቱን ሲጠየቅ ደስ ይለዋል እንጂ አይቆጣም።

ሽቦ እንደ ቦይ ነው

በሮቢ ወንዝ ውኃ ሽንኩርት የምታለሙ ሰዎች ይህን ከእኔ ይበልጥ ታውቁታላችሁ። ቦዩ ጠባብ ሆኖ ውኃው ከበዛ ቦዩ ይሰበራል። ቀጭን ሽቦም ብዙ ኃይል ሲሄድበት ይግላል። ሲግል ልባሱ ይቀልጣል፤ ከዚያ እሳቱ ማገሩን ይይዛል።

ለመሆኑ ብዙ የሚስበው ዕቃ የትኛው ነው? የእንጀራ ምጣድ ነው። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ 3,500 ዋት ገደማ ይስባል። የዛሬው ቆጣቢ አምፖል 10 ዋት ያህል ይበቃዋል። 3,500ን ለ10 እናካፍል፤ 350 ይሆናል። አንድ ምጣድ የ350 አምፖል ያህል ይስባል ማለት ነው። ታዲያ ለአምፖል በተዘረጋ ሽቦ ላይ ምጣድ መሰካት ቤት ማቃጠል አይደለምን?

ስለዚህ ለአምፖል 1.5፣ ለሶኬት 2.5፣ ለምጣድ ደግሞ ለብቻው 4 የሚል ሽቦ ይዘርጋ። ቁጥሩ በሽቦው ልባስ ላይ ታትሟል። የ4 ዋጋ ተቀብሎ 2.5 የሚዘረጋ ሰው አይጠፋም። ሽቦው ጭቃ ከተመረገበት በኋላ ማን ያየዋል? ሳይቀበር በፊት ጥቅልሉን ተቀብላችሁ አንብቡ። ፊደልና ቁጥር የተማርነው ለዚህ ቀን ነው።

ባልቦላ፣ ዛሬ ብሬከር የሚባለው፣ የዚህ ቦይ ዘበኛ ነው። ኃይል ሲበዛ ይዘጋል። መዝጋቱ ሥራው ነው። «አስቸገረኝ» ብሎ በትልቅ መለወጥ ወይም ሽቦ ጠምዝዞ ማሳለፍ ዘበኛውን አባርሮ በር ከፍቶ እንደ ማደር ነው። ይህ ብሬከር ግን ሽቦውን ይጠብቃል እንጂ በኤሌክትሪክ የተያዘን ሰው አያድንም። ለሰው የሚሆን ሌላ ዓይነት አለ፤ 30 ሚሊ አምፔር የሚል ተጽፎበታል። አቅም ያለው ይህንም ያስገባ።

ግድግዳ ሲበሳ

ትራፓኖ ይዞ የመጣ ሰው ቶሎ ጨርሶ ለመሄድ ይቸኩላል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ስለዚህ አጠገቡ ቆማችሁ እነዚህን ነገሮች ተመልከቱ።

አንደኛ፣ ቤቱን የተሸከመው ቋሚ አይበሳ። በቆላ ምስጥ አለ፤ ውስጡ የተበላ እንጨት ሲበሳ ጭራሽ ይደክማል።

ሁለተኛ፣ ሽቦው በቆርቆሮ ወይም በግድግዳ ቀዳዳ ሲያልፍ በፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ ይለፍ። የቆርቆሮ ጠርዝ እንደ ምላጭ ነው፤ ልባሱን ከቆረጠው ጣሪያው በሙሉ ኤሌክትሪክ ይይዛል።

ሦስተኛ፣ ከውጭ የሚገባው ሽቦ ከቀዳዳው በታች ዝቅ ብሎ ተመልሶ ይግባ። ያለዚያ የዝናቡ ውኃ ሽቦውን ተከትሎ ቤት ይገባል።

አራተኛ፣ ሽቦ በቆርቆሮ ሥር ተጠግቶ አይታሰር። ከጣርማ በር በላይ ብርድ ነው፤ የሮቢት ፀሐይ ግን ቆርቆሮውን እንደ ምጣድ ያግለዋል። ሽቦም በሙቀት ላይ ሙቀት ሲጨመርበት ቶሎ ያረጃል።

አምስተኛ፣ ሽቦ ከሽቦ የሚቀጠለው በሳጥን ውስጥ በመቀጠያ ነው። ጠምዝዞ በፌስታል መጠቅለል ክልክል ይሁን።

ስድስተኛ፣ ለምጣድና ለማቀዝቀዣ ቢጫና አረንጓዴ ቀለም ያለው የመሬት ሽቦ ይዘርጋ። ይህ ሽቦ መሬት ውስጥ ከተቀበረ ብረት ጋር ይያያዛል።

ሽቦው የት የት እንዳለፈም በወረቀት ሥላችሁ አስቀምጡ። ነገ ለመስቀያ ሚስማር ስትመቱ ሽቦውን እንዳታገኙት ነው።

ሽቦ ዘርጊ ብዙ ጊዜ የሚመጣው አባወራው ማሳ ላይ ሳለ ነው። ቤት ያለችው እናት ናት፤ በምጣዱ የምትጋግረውም እሷ ናት። ስለዚህ እናቶችም ይህን ሁሉ ይወቁ። ያላማራቸውን ሥራ የማስቆም መብት አላቸው።

ውል እንጻፍ

ፊደል ያልቆጠረ ሰው ሌላው በጻፈው ወረቀት ላይ ጣቱን ቀለም ነክሮ ይፈርማል። እናንተ አሁን ራሳችሁ ትጽፋላችሁ። የሠራተኛውን ስም፣ የወረቀቱን ቁጥር፣ ቀኑን፣ የሽቦውን ውፍረትና ዋጋውን ጻፉ። ሁለታችሁም ፈርሙ። ገንዘቡን በሙሉ አስቀድማችሁ አትስጡ። የማሾና የሽንኩርት ገንዘብ በላብ የመጣ ነው። እኩሌታው ሥራው አልቆ፣ አምፖሉ፣ ሶኬቱና ምጣዱ ተሞክሮ ይከፈል።

አደጋ ቢደርስስ?

በኤሌክትሪክ የተያዘን ሰው በእጃችሁ አትንኩ፤ እናንተንም ይይዛል። መጀመሪያ ዋናውን ማጥፊያ ዝጉ። መዝጋት ካልተቻለ በደረቅ ነገር ላይ ቆማችሁ ሽቦውን በደረቅ እንጨት ከሰውየው አርቁ። ከዚያ ሳትዘገዩ ጤና ጣቢያ አድርሱት፤ ቢነቃም እንኳ ሐኪም ይየው። ከሽቦ በተነሣ እሳት ላይ ውኃ አትድፉ። መብራቱን አጥፉ፤ ደረቅ አፈር በትኑበት።

ወገኖቼ፣ አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ይላሉ። አንድ ቀን ማንበብና መጠየቅ የቤታችንን ዕድሜ ይጠብቃል። ዛሬ ማታ ቤታችሁ ስትደርሱ በምጣዳችሁ ሽቦ ላይ ምን ቁጥር እንደተጻፈ አንብቡ። ነገ ለጎረቤታችሁ ንገሩ።



የመወያያ ጥያቄዎች
1. ከቆጣሪው ወዲህ ያለው ሽቦ የማን ነው?
2. ምጣድ ለብቻው ሽቦ የሚያስፈልገው ለምንድን ነው?
3. ከሽቦ ዘርጊ ጋር በምትጽፉት ውል ውስጥ ምን ምን ይገባል? አንድ ውል ጽፋችሁ አሳዩ።