ስለ ልብ ወለድ ሂስ አጻጻፍ፤ «አደፍርስ» እንደ ማሳያ



ስለ ሂስ አጻጻፍ እንድናገር ስጋበዝ ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አላስፈለገኝም። ከደብረ ብርሃን ተነሥቶ ጣርማበርን የወረደ መንገደኛ ደብረ ሲና ይደርሳል። ዳኛቸው ወርቁ የተወለደው እዚያ ነው፤ በ1962 ዓ.ም. የታተመው «አደፍርስ»ም መቼቱን ያደረገው በዚያው አካባቢ ነው።

በየዓመቱ የማነባቸው የተማሪ ሂሶች በአብዛኛው በአንድ ልክ የተቆረጡ ናቸው፤ የታሪኩ ጭማቂ ይቀድማል፣ መቼት፣ ገጸ ባሕርያትና ጭብጥ በየንዑስ ርእሳቸው ይከተላሉ፣ መደምደሚያው «ደራሲው ማኅበረሰቡን አስተምሯል» የሚል ምስጋና ነው። ይህ የመጽሐፉን ዕቃ መቁጠር እንጂ መሔስ አይደለም። ሂስ የሚነሣው ሊከራከሩበት ከሚቻል ጥያቄ ነው።

«አደፍርስ» ጥያቄውን ራሱ ያቀርብልናል። ብዙ አንባቢ «ይከብዳል፤ ታሪኩ አይራመድም፤ ንግግሩ በዝቷል» ይላል። በእርግጥም ድርጊቱ ጥቂት፣ ምልልሱ ረጅም ነው። ሃያሲው ግን እንከን ነው ብሎ ከመፍረዱ በፊት ያ ምልልስ ምን እንደሚሠራ መመርመር ይገባዋል። ዘመናዊ ትምህርት የቀሰመው አደፍርስና ነባሩን ሥርዓት የያዙት ወይዘሮ አሰጋሽ በአንድ አማርኛ እየተነጋገሩ አይግባቡም። ተራኪው ደግሞ ወደ ኋላ ያፈገፍጋል፤ እውነቱ ከማን ዘንድ እንዳለ አይነግረንም። እንግዲያው የመጽሐፉ ክብደት ዳኝነቱ በአንባቢው ትከሻ ላይ ከመውደቁ የመነጨ ነው ብሎ መከራከር ይቻላል። ስሙንም እንመልከት፤ «አደፍርስ» ትእዛዝ ነው። «ካልደፈረሰ አይጠራም» የሚለውን ብሂል የሚያውቅ አንባቢ፣ በመጽሐፉ ውስጥ ከድፍርሱ በኋላ የሚጠራ ነገር አለን ብሎ ይጠይቃል። እኔ የለም ባይ ነኝ።

ይህን ስል ሁሉ ነገር በቦታው ነው ማለቴ አይደለም። ልዩነቱ ከታወቀ በኋላም የሚቀጥሉ፣ ቢያጥሩ የማይጎዱ ምልልሶች አሉ። ይህን የሚል ሃያሲ ገጹን ጠቅሶ፣ ምን እንደሚደጋገም አሳይቶ መናገር አለበት። ጉድለትን መንቀስ እንደ ስድብ በሚቆጠርበት አገር (የእኛ ነገር ይኸው ነው) መከላከያው ማስረጃ ብቻ ነው።

የሸዋ ልጆች ለሆናችሁ አንድ ጥንቃቄ ልጨምር። አገሩን ስለምታውቁት «እንዲህ ነው፣ እንዲህ አይደለም» እያላችሁ ልብ ወለዱን እንደ ዘገባ ልትመዝኑት ትችላላችሁ። የምታውቁት ገደል በመጽሐፉ ውስጥ የቃላት ገደል ነው፤ መመዘን ያለበትም በዚያው በሚሰጠው አገልግሎት ነው። ሌላው ፈተና የ1966ቱ አብዮት ነው። መጽሐፉ በ4 ዓመት ስለቀደመው «ተንብዮአል» ማለት ይቀናናል። የኋላውን የምናውቀው እኛ ነን፤ በ1962 ዓ.ም. የነበረ አንባቢ አያውቅም ነበር። በዚያ ዘመን ዐይን ሲነበብ መጽሐፉ ከትንቢት ይልቅ ያልተቋጨ ሙግት ይመስላል።

መድረኩን ለውይይት እለቃለሁ። በስሙ ላይ የሰጠሁትን ንባብ የማይቀበል ካለ፣ ገጹን ገልጦ እርሱ ይጀምር።