ከነቤተሰባቸው የመነኑት ሐኪም



ዛሬ የማወራላችሁ ሰው ዶክተር ዶሪያን ፓስኮዊትዝ ይባላሉ። በ1921 ቴክሳስ፣ ጋልቨስተን ተወለዱ፤ በ1946 ከስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ በሕክምና ተመረቁ፤ በ2014 በ93 ዓመታቸው ካሊፎርኒያ ውስጥ ዐረፉ። ዓመቶቹን ሁሉ የምጠቅሰው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው። በመካከል ያለውን ዕድሜያቸውን የበላው ግን ሐኪምነቱ ሳይሆን ማዕበል ነው። ማዕበል ስል መርከብ የሚያሰጥመው ቁጣ አይምጣባችሁ፤ ሰው ሳንቃ ላይ ቆሞ የሚጋልበውን፣ ጨዋታውንም ሰርፊንግ የሚሉትን ማለቴ ነው።

እኚህን ሰው የመረጥኋቸው ስለማደንቃቸው ብቻ አይደለም። አንድ ሰው ለወደደው ነገር ራሱን ሲሰጥ ሒሳቡን የሚከፍለው ማን ነው የሚለውን ጥያቄ እንደ እርሳቸው ሕይወት አፍጥጦ የሚያወጣ ታሪክ ስላልገጠመኝ ነው።

በመጀመሪያ ግን ውሎውን እንይ። የማዕበል ጋላቢ ቀን የሚጀምረው ጎህ ሲቀድ ነው። ሌሊት የብሱ ከባሕሩ ቀድሞ ስለሚቀዘቅዝ፣ ነፋሱ ከየብስ ወደ ባሕር ይነፍሳል። ይህ ነፋስ የሚመጣውን ማዕበል ከፊት እየገፋ ቀጥ ብሎ እንዲቆም ያደርገዋል፤ ገጹንም ያለሰልሰዋል። ረፋዱ ላይ የብሱ ሲሞቅ ነፋሱ ይዞራል፤ ውሃውም ይመሳቀላል። ስለዚህ እንቅልፍ የሚወድ ሰው ለዚህ ሥራ አይሆንም። ጋላቢው እግሩን እንዳያንሸራትተው ሳንቃው ላይ ሰም ያሻል፤ በደረቱ ተኝቶ በእጁ እየቀዘፈ ይገባል። አረፋው ደጋግሞ ወደ ኋላ ይመልሰዋል፤ አልፎ ከሄደም በኋላ ሳንቃው ላይ ተቀምጦ አድማሱን እያየ ይጠብቃል። ማዕበሉ ሲቀርብ ዞሮ አጥብቆ ይቀዝፋል፤ ሳንቃው ሲንሸራተት በአንድ ጊዜ ብድግ ይላል። ከዚያ በኋላ ያለው ነገር በሴኮንዶች የሚቆጠር ነው። ጠዋቱን ሙሉ ባሕር ላይ የዋለ ሰው ቆሞ የጋለበበት ጊዜ ቢደመር ጥቂት ደቂቃ ቢሞላ ነው። የቀረው መቅዘፍና መጠበቅ ነው።

የሚጠበቀው ማዕበል ደግሞ የሩቅ አገር እንግዳ ነው። በ1963 ዎልተር መንክ የተባሉ የውቅያኖስ ሊቅ ከባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው በደቡብ ንፍቀ ክበብ ወጀብ የተነሣን ሞገድ፣ ሰላማዊ ውቅያኖስን አቋርጦ እስከ አላስካ ሲጓዝ ደሴት ከደሴት መሣሪያ ተክለው ተከታትለውታል። ጉዞው ከሳምንት በላይ ይፈጃል። የሚጓዘው ጉልበቱ ነው እንጂ ውሃው አይደለም፤ ውሃው ባለበት ሽቅብና ቁልቁል ይዞራል። ጥልቀቱ ሲያንስ የማዕበሉ እግር ይዘገያል፣ አናቱ ይቀድማል፣ ይደፋል። ጋላቢው የሚፈልገው ያችን መደፊያ ቅጽበት ነው።

ወደ ሐኪሙ ስንመለስ፣ ፓስኮዊትዝ በ1956 ሳንቃቸውን ይዘው እስራኤል ገቡ። ሜድትራኒያን ጠባብ ባሕር ስለሆነ ነፋሱ ረጅም መንደርደሪያ የለውም፤ ማዕበሉ አጭርና ግልፍተኛ ነው፤ በበጋ ደግሞ ብዙ ቀን ዝም ይላል። እርሳቸው ግን በዚያው ውሃ ቴል አቪቭ ዳርቻ ላይ ጋለቡ፤ የባሕር ዳርቻ ጠባቂዎችንም አስተማሩ። ሰርፊንግን ወደ እስራኤል ያስገቡት እርሳቸው ናቸው ይባላል። በእስራኤል የባሕር ዳርቻ ከተሞች፣ በናታኒያና በአሽዶድ፣ ዘመድ ያላችሁ ጠይቋቸው፤ በክረምት ነፋስ ሳንቃ በብብታቸው ይዘው ወደ ባሕር የሚሮጡ ወጣቶችን ሳያዩ አይቀሩም።

ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። ፓስኮዊትዝ ከሁለት ፍቺ በኋላ ጁልየት የተባሉ የሜክሲኮ ዝርያ ያላቸው የኦፔራ ዘፋኝ አገቡ። ስምንት ወንዶችና አንዲት ሴት ልጅ ወለዱ። ሐኪሙ መደበኛ ሥራቸውን ትተው፣ ዐሥራ አንድ ነፍስ በ24 ጫማ፣ ማለትም ሰባት ሜትር ከምናምን በሆነች የመኖሪያ መኪና ውስጥ ጭነው ማዕበል ወዳለበት ሁሉ ይነዱ ጀመር። ገንዘብ ሲያልቅ አንድ ቦታ ለጥቂት ጊዜ በሐኪምነት ይሠሩና እንደገና ይነሣሉ። ጠዋት ጠዋት ቁርሱ የእህል ገንፎ ነው። ገንፎ ስላችሁ ቅቤና በርበሬው ትዝ እንዳይላችሁ፤ በዚያ ቤት ስብና ስኳር ጠላት ናቸው። ከቁርስ ቀጥሎ ባሕር ነው፤ በየቀኑ፣ ሁሉም ልጆች። ትምህርት ቤት የለም። አባትየው ጥበብ ከመማሪያ ክፍል አይገኝም የሚል እምነት ነበራቸው። እንግዲህ ይህን የሚሉት ከስታንፎርድ ተመርቀው ነው፤ ዲግሪን መናቅ ዲግሪ ላለው ሰው ቀላል ነው።

እኛ አገር ዓለምን ንቆ መውጣት እንግዳ ነገር አይደለም። ንብረቱን ትቶ ገዳም የገባ፣ ቅጠል በልቶ ዋሻ ውስጥ ያደረ ሰው ታሪክ ስንሰማ አድገናል። ነገር ግን መናኝ ብቻውን ይመንናል፤ ራሱ ይራባል፣ ራሱ ይበርደዋል። ሐኪሙ የመነኑት ከነቤተሰባቸው ነው። ሕፃን ልጅ ደግሞ ምናኔን አይመርጥም፤ ይወለድበታል እንጂ። ልጆቹ አድገው በ2007 በቀረበው “ሰርፍዋይዝ” በተባለው ዘጋቢ ፊልም ላይ በአንደበታቸው ተናግረዋል። አንዱ ሐኪም ለመሆን ተመኝቶ፣ የትምህርት መሠረት ስለሌለው የሚቀረው መንገድ እጅግ ረጅም ሆኖበታል። አባት የነበራቸውን ምርጫ ልጅ አላገኘውም። ለእኔ የዚህ ሕይወት ትልቁ ጉድለት ይኸው ነው። መኪናዋ መጥበቧና ገንፎው ስኳር ማጣቱ ሊረሳ ይችላል፤ የተዘጋ በር ግን አይረሳም።

ሆኖም ፍርዱን እዚህ ላይ ብዘጋው እበድላቸዋለሁ። ያው የተወደደ ነገር ሰውየውን በ86 ዓመታቸው ወዴት እንደወሰዳቸው ስሙ። በ2007 ጋዛ ውስጥ ሁለት ወጣቶች አንድ ሳንቃ እየተጋሩ እንደሚጋልቡ ጋዜጣ ላይ አነበቡ። ወዲያው ከ10 በላይ ሳንቃዎች አሰባስበው ከእስራኤል ወደ ጋዛ እስከሚያስገባው ኤሬዝ መተላለፊያ ድረስ ሄዱ። ጠባቂዎቹ መጀመሪያ አይሆንም ቢሏቸውም አልተመለሱም፤ ለምነው፣ ተከራክረው ሳንቃዎቹን ለጋዛ ወጣቶች አስረከቡ። በበኩሌ ይህ የፖለቲካ መፍትሔ ነው አልልም። ነገር ግን በዚያ ዕድሜ የሌላውን ሰው የማዕበል ጥማት እንደ ራስ ጥማት ቆጥሮ ውቅያኖስ ማቋረጥ ከተራ ሱሰኛ አይጠበቅም።

በ1972 በጀመሩት የሰርፊንግ ማሠልጠኛ ካምፕም ብዙ ሰው ያውቃቸዋል፤ እርሱን እንለፈው። ከልጆቹ አንዱ፣ እስራኤል ፓስኮዊትዝ፣ የታወቀ ጋላቢ ሆነ፤ በኋላም ከባለቤቱ ጋር “ሰርፈርስ ሂሊንግ” የተባለውን ድርጅት አቋቋመ። ድርጅቱ ኦቲዝም ያለባቸውን ልጆች ሳንቃ ላይ አስቀምጦ ወደ ባሕር ያስገባል፤ መነሻውም የራሱ ልጅ ኦቲዝም ያለበት መሆኑ ነው። ትምህርት ቤት ያልገባው ልጅ አባቱ ያወረሱትን ብቸኛ ሙያ ለሌላ ሰው ልጅ መጥቀሚያ አድርጎታል።

ስለዚህ ፍርዴ ሁለት ነው፤ አንዱ ሌላውን አይሽረውም። ዶክተር ፓስኮዊትዝ ባሕሩን በመውደዳቸው አልወቅሳቸውም፤ ልጆቻቸው ሌላም ነገር መውደድ እንዲችሉ ባለመፍቀዳቸው ግን እወቅሳቸዋለሁ። የማይስማማ ካለ፣ በተለይ ባሕር ዳር ያደገ ሰው በመካከላችሁ ካለ፣ መድረኩ ክፍት ነው።