የእማሆይ ናፍቆትና የእኛ ሣጥን
(በጎብዬ በማኅበራችን ወርሃዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



ሒሳቡን ከማቅረባችን በፊት ስለ አንዲት ፒያኖ ተጫዋች መነኩሴ ጥቂት እንጫወት።

እማሆይ ጽጌማርያም ገብሩ በ1916 ዓ.ም አዲስ አበባ ተወለዱ። ገና በስድስት ዓመታቸው ለትምህርት ወደ ስዊዘርላንድ ተላኩ። በጣልያን ወረራ ጊዜም ከቤተሰባቸው ጋር አሲናራ ወደምትባል ደሴት ተጋዙ። ኋላ መንነው ወደ እኛው ወሎ መጡ፤ ግሸን ማርያም ዐሥር ዓመት ያህል በባዶ እግራቸው ኖሩ። በመጨረሻም ኢየሩሳሌም ገዳም ገብተው በመጋቢት 2015 ዓ.ም በ99 ዓመታቸው ዐረፉ።

ብቻቸውን በፒያኖ ካስቀረጿቸው ዜማዎች የአንዱ ስም ትርጉሙ «የአገር ናፍቆት» ነው። ግጥም የለውም፣ አጃቢም የለውም። ባለፈው ሳምንት በስልክ ከፍተን አብረን ሰማነው። ልጃቸው ዐረብ አገር ያለችባቸው አንዲት እናታችን፣ «ይህስ የልጄ ስልክ ነው፤ ደህና ነኝ ትላለች፣ ከዚያ ዝም ትላለች» አሉን። ሁላችንም ዝም አልን።

የእማሆይ የመጀመሪያ ሸክላ እ.ኤ.አ. በ1967 ጀርመን አገር ታተመ። ከሸክላዎቻቸው የተገኘው ገንዘብ አባቶቻቸው በጦርነት ለሞቱባቸው ሕፃናት መርጃ ዋለ። ናፍቆት የሚያውቁ ሰው የሌላውን ልጅ አልረሱም።

አሁን ወደ ሣጥናችን እንመለስ። ማኅበራዊ ፈንዳችን እስከ ዛሬ የሚወጣው ለሐዘንና ለሕመም ብቻ ነው። እናቶቻቸው ተሰደው ከአያት ጋር ለቀሩ ልጆች የደብተርና የዩኒፎርም መግዣ ይውጣ የሚል ሐሳብ ቀርቧል። አንዳንዶቻችን፣ «ብድር የሚጠብቁ አባላት እያሉ እንዴት ይሆናል?» ብለናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ሒሳቡን የያዝን እንደመሆናችን መልሳችን ይህ ነው፦ የብድሩ ገንዘብ አይነካም፤ ሁለቱ የተያዙት በተለያየ መዝገብ ነው። የሚወጣው ከማኅበራዊው ብቻ፣ እናንተ በምትወስኑት መጠን፣ በደረሰኝ ነው። በየወሩም መዝገቡ እዚሁ ይነበባል።

ያም ሆኖ ፈንዱ ሲቀንስ ለክፉ ቀን የምንደርስበት እጅ ይቀንሳል። ይህንንም ሳንደብቅ እንናገራለን። ግን ዛሬ አያቱ ጋ ያለው ልጅ ነገ የማንኛችንም የልጅ ልጅ ሊሆን ይችላል።

እጅ ከማውጣታችን በፊት ያን ዜማ አንድ ጊዜ ደግመን እንስማው፤ ከዚያ ሁላችንም እንደየኅሊናችን እንወስን።