ዳኛው ግራ እጁን ሲዘረጋ

(የኳስ ሜዳ ጫጫታ፤ ቀስ እያለ ይጠፋል)

አቅራቢ፦ በእግር ኳስ ዳኛው ጥፋት አይቶ፣ እጆቹን ወደ ፊት ዘርግቶ «ቀጥሉ» ሲል ታውቃላችሁ፤ አድቫንቴጅ ነው። ሶፍትቦልም የዚህ ዘመድ የሆነ ሕግ አለው። እዚያ ግን የሚመርጠው ዳኛው ሳይሆን የተበደለው ቡድን አሰልጣኝ ነው።

ወርዋሪዋ ኳሷን ከመልቀቋ በፊት እጆቿን አገናኝታ ጥቂት ቆም ማለት አለባት። ይህን ከዘለለች ውርወራው ሕገወጥ ነው። ዳኛው ግራ እጁን ወደ ጎን ይዘረጋል፤ ጨዋታው ግን አይቆምም።

መቺዋ ካልመታች ቅጣቱ አንድ «ቦል» ነው፤ አራት ከሞላ በነፃ ወደ መጀመሪያው ቤዝ ትሄዳለች። መትታ በሰላም ከደረሰች፣ ሌሎቹ ሯጮችም ቢያንስ አንድ ቤዝ ካለፉ፣ ጥፋቱ ተረሳ።

ጣጣው መሃል ላይ ነው። ሦስተኛ ቤዝ ላይ ሯጭ አለች እንበል። መቺዋ ኳሷን ወደ ላይ አጉና ተቀለበችባት፤ ወጣች። ሯጯ ግን ሮጣ ነጥብ አስቆጠረች። አሰልጣኙ ነጥቡን ይዞ መቺዋን ይጣ? ወይስ ቅጣቱን መርጦ ሯጯን ይመልስና መቺዋ እንደገና ትሞክር? በመጨረሻው ዙር አንድ ነጥብ ለጎደለው መልሱ ቀላል ነው። በመጀመሪያው ዙር፣ ያውም ጎበዝ መቺ ቆማ፣ እኔ እንኳ አመነታለሁ።

ሯጮችንም አንድ ቤዝ በሚያሳልፈው የቆየ ደንብ ከሆነ ግን ማሰብም አያስፈልግም፦ ነጥቡም ይገባል፣ መቺዋም ትቆያለች።

(ሙዚቃ)