የሳይንስ ምልክትና የመምህር አደራ



ዛሬ የምናገረው ስለ አንዲት ትንሽ ምልክት ነው። እርስዋም የአንድ ነገር ሚሊዮንኛ እጅ የሚመለከትባት፣ ሙ የተባለችው የግሪክ ፊደል ናት።

አንድ የማውቀው መምህር ለትምህርት ቤቱ ድረ ገጽ ፈተና አዘጋጀ። በርሱ ኮምፒዩተር የመድኃኒቱ ልክ 50 ማይክሮግራም ነበር፤ በተማሪዎቹ ዘንድ ግን 50 ሚሊግራም ሆኖ ተነበበ። ስሕተቱ አንድ ሺህ እጥፍ ነው። ያነበቡትን በትክክል ያሰሉት ልጆችም ተሳስታችኋል ተባሉ።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። መምህሩ ሙን የጻፈው ሲምቦል በሚባለው ፎንት ነበር። ይህ ፎንት የላቲኑን ኤም የሙን መልክ ያለብሰዋል እንጂ፣ በውስጥ የሚቀመጠው ያው የኤም ቁጥር ነው። ጽሑፉ ወደ ድረ ገጹ ሲገለበጥ ልብሱ ወለቀ፤ ማይክሮውም ሚሊ ሆነ።

ይህ ነገር ለእኛ እንግዳ አይደለም። የአማርኛ ጽሑፍም በቀድሞዎቹ ፎንቶች ተጽፎ ፎንቱ ወደሌለበት ኮምፒዩተር ሲደርስ ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደል ይሆን ነበር። ይሁን እንጂ የተበላሸ አማርኛ መበላሸቱን ራሱ ይናገራል፤ የተለወጠ የሳይንስ ምልክት ግን ትክክል መስሎ ዝም ይላል።

መድኃኒቱ ዩኒኮድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 የወጣው ይህ መዝገብ ለእያንዳንዱ ፊደልና ምልክት የራሱን ቁጥር ይሰጣል፤ የእኛም ፊደል በ1999 ገብቶበታል። ስለዚህ ምልክቱን ከዩኒኮድ እንምረጥ። ገጹም ሆነ የመረጃው ማከማቻ ዩቲኤፍ 8 በተባለው አጻጻፍ ይቀመጥ፤ ይህም በገጹ ራስጌ ይገለጽ። አርቢም ከፍ ማለቱ በገጹ ቋንቋ ምልክት ይደረግበት፤ አለዚያ 10 አርቢው 3 ሲሆን፣ 1000 መሆኑ ቀርቶ 103 ተብሎ ይነበባል። በመጨረሻም ፈተናውን ከማውጣታችን በፊት ተማሪው በሚያነብበት ስልክ ላይ እንመልከተው።

ወንድሞቼና እኅቶቼ ሆይ! ተማሪው አንዲት ነጥብ ቢዘነጋ ማርኩን እንቀንስበታለን። እንግዲህ በርሱ የምንጠብቀውን ጥንቃቄ አስቀድመን በራሳችን ጽሑፍ ልናሳየው ይገባል።