የእጅ ኮምፒዩተርና ዕድሜው
(በራዲዮ የተሰጠ ንግግር)



በቅርቡ ለመሥሪያ ቤት ጉዳይ ወደ አሰላ ሄጄ ነበር። ከአዳማ ወጥቶ በዴራና በኢተያ በኩል ሽቅብ ሲጓዙ፣ የስንዴውና የገብሱ ማሳ እስከ ጭላሎ ተራራ ግርጌ ተዘርግቶ ማየት ለከተማ ሰው ትልቅ ዕረፍት ነው። ዛሬ የምናገረው ግን ስለ ማሳው ሳይሆን፣ በአንዲት የስልክ መጠገኛ ሱቅ ውስጥ ስላጋጠመኝ ነገር ነው።

በዚያች ሱቅ አንዲት የመንግሥት ሠራተኛ ታብሌቷን ታቅፋ ተቀምጣ ነበር። ሥራዋ በየገጠር ቀበሌው እየዞረች የቤተሰቦችን ሁኔታ መመዝገብ ነው። ባለፈው ሌሊት ታብሌቱ «አዲስ ሥርዓት ተዘጋጅቷል፤ ልጫን?» ብሎ ጠየቃት፤ እርሷም መልካም ነገር መስሏት ፈቀደች። ሲነጋ ታብሌቱ ተነሣ፤ መመዝገቢያው ፕሮግራም ግን አልከፈት አለ። በውስጡም ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት ገና ያልተላከ የሦስት ቀበሌ መዝገብ ነበረ።

ጠጋኙ ልጅ፣ «እቴ፣ ፍላሽ ባደርገው ይሠራል፤ ውስጡ ያለው ግን ሁሉ ይጠፋል» አላት።

«እኔን የጨነቀኝ ዕቃው አይደለም» አለች። «እነዚያን ሰዎች እንደ ገና ምን ብዬ ልጠይቃቸው? አንዳንዶቹ የሞተባቸውን ልጅ ሳይቀር ነግረውኛል።»

ይህ ነገር ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ከሐሳቤ አልወጣም። እንግዲህ የደረሰባት ምን እንደ ሆነ ለማስረዳት እሞክራለሁ።

የእጅ ኮምፒዩተር፣ ስልክም ይሁን ታብሌት፣ ሁለት ነገር ነው። አንደኛው በእጅ የሚጨበጠው አካል ነው፤ ይኸውም መስታወቱ፣ ባትሪው፣ ሚሞሪውና እንደ አንጎል የሚያገለግለው ቺፕ ነው። ሁለተኛው ይህን አካል የሚያዝዘው ኦፕሬቲንግ ሲስተም ነው፤ አብዛኞቻችን በኪሳችን የያዝነው አንድሮይድ የዚህ ዓይነት ነው። በሁለቱ መካከል ድራይቨር የሚባሉ ትንንሽ ፕሮግራሞች እንደ አስተርጓሚ ሆነው ይቆማሉ። ካሜራው የራሱ አስተርጓሚ አለው፤ የድምፁም ክፍል እንደዚሁ። አዲስ ሥርዓት ሲመጣ እነዚህ አስተርጓሚዎች አዲሱን ቋንቋ መማር አለባቸው፤ የሚያስተምራቸውም ቺፑን የሠራው ኩባንያ ነው። ያ ኩባንያ አሮጌውን ቺፕ ከተወው፣ ታብሌቱን የሸጠው ነጋዴ ቢፈልግ እንኳ የሚያደርገው እምብዛም ነው። ጉግል እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው በ8ኛው አንድሮይድ ይህን የአስተርጓሚዎች ክፍል ከዋናው ሥርዓት ለይቶ አቆመው፤ በዚህም ችግሩ ቀለለ እንጂ ፈጽሞ አልጠፋም።

ታላላቆቹም ቢሆኑ ደንበኞቻቸውን አሳዝነዋል። ኖኪያ ሉሚያ 900 የተባለውን ስልክ እ.ኤ.አ. በ2012 በጸደይ ወራት ለገበያ አቀረበ፤ ማይክሮሶፍትም በዚያው ዓመት መጨረሻ ገደማ ዊንዶውስ ፎን 8ን ሲያወጣ፣ የሥርዓቱ መሠረት ስለ ተለወጠ ያ ስልክ ሊቀበለው አልቻለም። ዕቃው ገና አዲስ ነበር፤ ያረጀው ውሉ ነው።

በአገራችን ደግሞ 3ኛው የሕዝብና ቤት ቆጠራ በ1999 ዓ.ም. የተካሄደው በወረቀት ቅጽ ነበር። ለ4ኛው ግን በዚያን ጊዜ ማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ ይባል የነበረው መሥሪያ ቤት 180 ሺህ ያህል ታብሌቶች አዘጋጀ። ቆጠራው በ2011 ዓ.ም. እንዲሆን ታስቦ ተላለፈ፤ በ2012 ዓ.ም. እንደ ገና ተላለፈ። የማስተላለፉን ምክንያት መመርመር የዛሬው ጉዳዬ አይደለም። ነገር ግን የወረቀት ቅጽ በመጋዘን ቢከርም ከአይጥና ከእርጥበት በቀር ጠላት የለውም፤ ታብሌት ግን በካርቶኑ እንደ ታሸገ ያረጃል። ባትሪው ይደክማል፤ ሠሪው ማሻሻያ የሚልክበትም ዘመን መቆጠር የሚጀምረው ካርቶኑ ከተከፈተበት ቀን ሳይሆን ዕቃው ለገበያ ከወጣበት ቀን አንሥቶ ነው።

እንግዲያውስ ማሻሻያውን ጨርሶ እንቢ ብንልስ የሚል ይኖራል። ይህም አያዋጣም፤ የጥበቃው ቀዳዳ ሳይደፈን ይቀራል፤ ፕሮግራሞቹም ትተውን ይሄዳሉ። ዋትሳፕ እ.ኤ.አ. ከ2023 ወዲህ ከ5ኛው አንድሮይድ በፊት በነበሩት ስልኮች ላይ መሥራቱን አቁሟል። ፊደላችንም ቢሆን በዩኒኮድ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ሲሆን፣ የቀድሞዎቹ የአንድሮይድ ስልኮች ቅርጹን ስላልያዙ የአማርኛ መልእክት ሲደርሳቸው ባዶ ሣጥን ይደረድሩልን ነበር። ያን ያስቀረልን የሥርዓቱ መታደስ ነው። (ነገሩን ካነሣሁ አይቀር፣ ማይክሮሶፍት ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር ያቀረበው የግዕዝ ፊደል ቅርጽ «ኒያላ» የተባለው በአርሲና በባሌ ተራሮች በሚኖረው በደጋ አጋዘን ስም ነው።)

በእኔ አስተያየት ስሕተቱ የሚጀመረው በዚያች ሠራተኛ ጣት ሳይሆን በጨረታው ሰነድ ላይ ነው። ስንት ሚሞሪ አለው፣ ባትሪው ስንት ሰዓት ይቆያል ብለን እንጽፋለን፤ ማሻሻያው እስከ ስንት ዓመት ይደርሰዋል የሚለውን ግን ብዙ ጊዜ እንዘነጋለን። ጉግል እ.ኤ.አ. በ2023 ለፒክስል 8፣ ሳምሰንግም በ2024 ለጋላክሲ ኤስ24 የ7 ዓመት ተስፋ ሰጥተዋል። ርካሹ ታብሌት ግን አንድ ወይም ሁለት ማሻሻያ አግኝቶ ሊቀር ይችላል፤ እንዲህ ያለው ዕቃ ዋጋው ለዓመታቱ ሲካፈል ርካሽነቱ ያጠራጥራል። ደግሞም ለመቶ ሠራተኛ መቶ ታብሌት የሰጠ መሥሪያ ቤት፣ አዲሱን ሥርዓት አስቀድሞ በአንዱ ላይ መሞከርና እስኪሞከርም ድረስ ሌሎቹ በራሳቸው እንዳይጭኑ መዝጋት ይችላል። ሠራተኛው ደግሞ መዝገቡን ሳይልክ፣ ባትሪውንም ሳይሞላ «እሺ» የሚለውን መንካት የለበትም።

ወደ አሰላዋ ሱቅ ልመለስና፣ ጠጋኙ ልጅ አስተዋይ ነበርና ፍላሽ አላደረገውም። ፕሮግራሙን ለሚያስተዳድሩት ሰዎች ስልክ እንድትደውል መከራት። እነርሱም ከአዲሱ ሥርዓት ጋር የሚስማማ እትም ላኩላት፤ አሮጌው ሳይሰረዝ በላዩ ላይ ሲጫን የሦስቱ ቀበሌ መዝገብ አንድም ሳይጎድል ተገኘ። ይህ ሁሉ ሁለት ቀን ፈጀ። በሁለተኛው ቀን ወደ ማታ በሱቁ በኩል ሳልፍ፣ ከደጁ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ መዝገቡን ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት እየላከች ነበር፤ ኔትወርኩ ደካማ ስለ ነበረ ዓይኗን ከታብሌቱ ላይ አላነሣችም።