የሚሸሸግበት ያለው ዓሣ ይወጣል



ሲክሊድ የሚባለው የዓሣ ቤተሰብ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ከጣና፣ ከሐዋሳና ከጫሞ እየወጣ በየገበታችን የሚቀርበው ቆሮሶ የዚሁ ቤተሰብ አባል ነው። ዛሬ የምናገረው ግን በማላዊና በታንጋኒካ ሐይቆች ስለሚኖሩትና በብዙ አገር በቤት ውስጥ በመስታወት ገንዳ ስለሚረቡት ዘመዶቹ ነው። ክርክሬ አንድ ነው፦ ለእነዚህ ዓሦች መሸሸጊያ የገንዳ ጌጥ ሳይሆን እንደ ውኃውና እንደ ምግቡ ሁሉ የሕይወታቸው መሠረት ነው። ገንዳ የሚያደራጅ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ማጣሪያና ማሞቂያ ይገዛል፣ ዓሣ ይመርጣል፤ ድንጋዩን በተረፈው ብርና በተረፈው ቦታ መጨረሻ ላይ ያስገባዋል። ይህ ቅደም ተከተል መገልበጥ አለበት።

ማስረጃው ከሐይቆቹ ይጀምራል። የማላዊ ሐይቅ በብዙ መቶ የሚቆጠሩ የሲክሊድ ዝርያዎች አሉት። ከእነሱ መካከል ምቡና የሚባሉት ዕድሜያቸውን ሙሉ ከቋጥኝ አይርቁም፤ በድንጋዩ ላይ የሚበቅለውን አልጌ ይግጣሉ፣ በስንጥቁ ውስጥ ያድራሉ፣ አዳኝ ሲመጣም የሚገቡት እዚያው ነው። ምግቡ፣ መኝታውና ምሽጉ አንድ ቦታ ላይ ስለተሰበሰቡለት አውራው ያችን ቦታ አጥብቆ ይጠብቃል፤ ተደባዳቢ የሚያሰኘውም ይኸው ነው። በታንጋኒካ አሸዋማ ወለል ላይ ደግሞ የድንጋዩን ሥራ የሚሠራው ባዶ የቀንድ አውጣ ዛጎል ነው። ላምፕሮሎገስ ኦሴላተስ የሚባለው ከጣት የማይረዝም ዓሣ ዛጎል ሲያገኝ ሥሩን እየቆፈረ አሸዋውን በአፉ ይዝቅና ራቅ ብሎ ይተፋዋል። ዛጎሉ ጉድጓዱ ውስጥ ሲጋደም ነክሶ ይዞ ቀዳዳውን ወደ ላይ ያዞረዋል፤ ቀጥሎ ፊቱን መልሶ በጅራቱ አሸዋ እየገፋ ይቀብረዋል። ሥራው ሲያልቅ ከውጭ የሚታየው ክብ ቀዳዳው ብቻ ነው። ሴቷ እንቁላሏን የምትጥለው እዚያ ውስጥ ነው።

ከቪክቶሪያ ሐይቅ የምናገኘው ማስረጃ ግን ያሳዝናል። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ናይል ፐርች የተባለው ትልቅ አዳኝ ዓሣ ወደ ሐይቁ ገባ፤ በ1980ዎቹ ቁጥሩ ሲያሻቅብ በገላጣው ውኃ ይኖሩ የነበሩ ብዙ የሲክሊድ ዝርያዎች ተመናመኑ፤ ገሚሶቹም ጠፉ። በቋጥኝ መካከል የሚኖሩት ግን ከሌሎቹ የተሻለ ተረፉ። በላቦራቶሪም ቢሆን ነገሩ ጎልቶ ይታያል። በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ረስል ፈርናልድና ባልደረቦቹ ለረጅም ዓመታት ያጠኑት የታንጋኒካ ሲክሊድ፣ ክልል ሲኖረው ቀለሙ ይደምቃል፤ ክልሉን ሲነጠቅ ይደበዝዛል፤ እየቆየም የመራቢያ አካሉ ይኮማተራል። ቦታ ማጣት በዓሣው ጠባይ ላይ ብቻ ሳይሆን በሰውነቱም ላይ ይጻፋል ማለት ነው።

«ገንዳ ያቆምኩት ዓሣ ላይ ነው፤ በድንጋይ ከሞላሁት ምን አያለሁ?» የሚል ሰው ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱ ግን ከሚጠበቀው ተቃራኒ ነው። መግቢያው ቅርብ እንደሆነ የሚያውቅ ዓሣ ገላጣው ላይ ይዋኛል። የሚገባበት ያጣው ግን ከማሞቂያው ኋላ ይወሸቃል፤ ወይም ከውኃው ወለል ሥር በአንዱ ጥግ ክንፉን አጣጥፎ ይቆማል። በገላጣ ገንዳ ውስጥ ክንፉ የተቀዳደደ ዓሣ ጥግ ይዞ ሲታይ፣ መጀመሪያ መቆጠር ያለበት የመሸሸጊያው ብዛት ነው።

ከዚህ የከበደው ተቃውሞ የመጣው ልምድ ካላቸው አርቢዎች ነው። ጠቡን የሚያመጣው ዋሻው ራሱ ስለሆነ ድንጋይ ቀንሶ ዓሣ ማብዛት ይሻላል፤ ዱላው ለብዙ ሲከፋፈል ማንንም አይገድልም ይላሉ። ግማሹ እውነት መሆኑን እቀበላለሁ። በርካታ ዓሣ ባለበት ገንዳ ውስጥ አንድ ዋሻ ብቻ ማስቀመጥ ከምንም ማጣት ይብሳል፤ ብርቱው ይይዘውና የቀሩትን ሁሉ ሲያሳድድ ይውላል። ለአንድ ሰፈር አንድ ቦኖ ብቻ ሲከፈት የሚነሳው ጠብ ግን ቦኖ በመኖሩ የመጣ አይደለም፤ በማነሱ ነው። የማጨናነቁ ዘዴ በኃይለኛ ማጣሪያና ቶሎ ቶሎ በሚቀየር ውኃ የሚቆም ነው፤ መብራት ጠፍቶ ማጣሪያው ሲቆም አደጋው የሁሉም ይሆናል። ከሁሉም በላይ ይህ ዘዴ እናቲቱን ይረሳታል። የምቡና ሴት እንቁላሏንና ጫጩቶቿን ሦስት ሳምንት ያህል በአፏ ይዛ ትቆያለች፤ ጉሮሮዋ ያበጠ ይመስላል፣ ምግብም እምብዛም አትቀምስም። የተከፋፈለ ዱላ ለእሷ ያው ዱላ ነው። የምትጠለልበት ካጣች ያዘለችውን ትተፋለች ወይም ትውጣለች።

ድንጋይ ቆሻሻ ያጠራቅማል የሚለው ስጋት በቀላሉ ይፈታል፤ ክምሩ ከኋላው መስታወት ትንሽ ራቅ ብሎ ውኃ በመካከሉ እንዲያልፍ ከተደረገ ማጣሪያው ይደርስበታል።

እንግዲህ አሠራሩ እንዲህ ነው። ርዝመቱ 120፣ ስፋቱ 40፣ ቁመቱ 50 ሴንቲ ሜትር የሆነ ገንዳ 240 ሊትር ይይዛል፤ ከድንጋዩና ከመስታወቱ ጋር ከ300 ኪሎ በላይ ስለሚመዝን በማንኛውም ጠረጴዛ ላይ አይቀመጥም። ድንጋዩ የሚገባው ከአሸዋው በፊት ነው፤ በቀጥታ ወለሉ ላይ፣ ከሥሩ ስስ ፕላስቲክ ተነጥፎለት። እነዚህ ዓሦች ቆፋሪዎች ስለሆኑ አሸዋ ላይ የቆመ ክምር ሥሩ ተቦርቡሮ ይናዳል፤ ሲናድ ወይ ዓሣ ይደፈጥጣል ወይ መስታወት ይሰብራል። ኮምጣጤ ጠብ ሲያደርጉበት አረፋ የሚያወጣ የኖራ ድንጋይ ለሌላ ዓሣ ባይመከርም የማላዊና የታንጋኒካ ሐይቆች ውኃ አልካላይን ስለሆነ ለእነዚህ ይስማማቸዋል። የተሰበረ የእንስራ ገልም ቀለም ካልተቀባ ጥሩ ዋሻ ይወጣዋል። የዋሻዎቹ ቁጥር ከዓሦቹ መብለጥ አለበት፤ እያንዳንዱም መግቢያና መውጫ ይኑረው፤ አንድ ቀዳዳ ብቻ ያለው ዋሻ ለተሳዳጁ ወጥመድ ነው። አንዳንዱ ቀዳዳ አውራው የማይገባበት ጠባብ ይሁን። ክምሩም ከገንዳው ዳር እስከ ዳር የሚያሳይ ገላጣ መስመር እንዳይተው ሆኖ ወደ ላይ ይውጣ፤ ያላዩትን ማሳደድ አይቻልምና።

ከዚያ ማጣሪያው ውስጥ ጠቃሚዎቹ ባክቴሪያዎች እስኪራቡ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት መታገሥ ይገባል፤ ዓሦቹም ገና በልጅነታቸው አብረው ይግቡ። በኋላ አዲስ ዓሣ መጨመር ካስፈለገ መብራቱ ይጥፋ፣ ድንጋዩም በዚያው ዕለት እንደ አዲስ ይደርደር። የድሮው ወሰን ስለሚፈርስ ነባሩም እንግዳውም ቦታ መፈለግ የሚጀምሩት እኩል ነው።